ሴት ያልተከተለው ጦር

ከአዳማ ወደ ሶደሬ የሚወርድ ሰው ዛሬ በመኪና ስለሚያልፍ ኮረብታውን ልብ አይለውም። አዋሽ ከመደረሱ በፊት በስተግራ የሚታይ፣ ቀይ ድንጋይና ግራር የሞላበት፣ ብዙም የማይገዝፍ ኮረብታ ነው። እኛ «ምሽጉ» እንለው ነበር። ከእኛ በፊት ከረዩ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ዝናብ ሲጠፋ ከብቶቻቸውን የሚያወጡበት ግጦሽ ነበር። ዙሪያውን በድንጋይና በእሾህ አጥረን፣ አፈሙዛችንን ወደ ወንዙ መሻገሪያ አዙረን ስንቀመጥበት ግጦሽነቱ ቀረ። የሰው ቦታ ላይ መቀመጣችንን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

የምጽፈው ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ነው። አባቴ በዚያ ምሽግ ዘበኛ ነበር። በወባ ሲሞት ወንድ ልጅ አልነበረውም። ከጠብመንጃው ጋር የተሰጠን ማደሪያ መሬት ነበረ፤ በቦታው የሚቆም ሰው ከጠፋ መሬቱ ይነሳል። እናቴና ሁለት ታናናሽ እህቶቼ የሚኖሩት በዚያ መሬት ነበር። ስለዚህ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የአባቴን ውጅግራ ጠብመንጃ ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። የምሽጉ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ድንቁ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንዳድ የማይለቀው የመንዝ ሰው ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ጠብመንጃው ቆሟል፤ ማን እንደያዘው አልጠየቅሁም» አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አላነሳም።

ከጎኔ ዘብ የሚቆመው ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር። ሳቅ የሚወድ ሰው ነው።

«እቱ፣ ይሄ ውጅግራ ካንቺ ይረዝማል» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ጠላት ሲመጣ እሱ ይተኩስ፣ አንቺ ተደገፊው።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ፣ ጋሼ ሰይድ?»

«እኔ እናንተን አያለሁ።»

ወደ ሠላሳ ጠብመንጃ ነበርን። አንድ በር ብቻ ነበረን፤ እሱም ወደ አዳማ የሚመለከተው ነው። ከበሩ ሽቅብ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ በድንጋይ የተሠራ የጥይት ግምጃ ቤት ነበር። ውሃ የምንቀዳው ከአዋሽ ስለሆነ ተሰብስበን፣ ታጥቀን እንወርዳለን።

የዚያን ዓመት መስከረም፣ በቆላው አንድ ሽፍታ ሰው እየሰበሰበ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ የለም። ጥቂት ቆይቶ ከእኛ በታች ያለ አንድ ትንሽ ምሽግ ተቃጥሎ ተገኘ። ሊያዩ የሄዱት ሰዎቻችን ሲመለሱ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የምሽጉ በር አልተሰበረም።

ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰማ ወርዶ የራሳችንን በር መዝጊያ ፈተሸ። ከዚያ «ከውስጥ የከፈተ አለ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። ውሃ የወረደ ሰው ዘግየት ካለ ይጠየቃል። ከወንዙ ማዶ ጭስ ከታየ የማን ጭስ ነው ይባላል፤ ካልታየም ለምን ጠፋ ይባላል። ሰይድ ሲሰግድ እጁን ለማን ነው የሚያነሳው ብሎ የጠየቀ ነበር። ሰይድም «ለአላህ ነው። ካላወቅኸው ላስተዋውቅህ» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

በየጠዋቱ ወተት የምታመጣልን አዴ ዋሪቱ የምትባል የከረዩ ሴት ነበረች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ወተቷ በእንጨት ጭስ የታጠነ ስለሆነ ጭስ ጭስ ይላል። ከምሽጉ በታች አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ቅሏን እዚያ ታስቀምጥና በጨውና በእህል ትለውጠናለች። ጥርጣሬው ሲበዛ መጀመሪያ ራሷ እንድትጠጣ ታዘዘች። ቅሉን አንስታ ጠጣች።

«ካልሞተች እኛም አንሞትም» አለ ሰይድ። «ከሞተች የዛሬው ወተት ለሃምሳ አለቃ ይሁን።»

ሃምሳ አለቃን ያሳሰበው ግን ወተቱ አልነበረም፤ የዋሪቱ አቀማመጥ ነበር። ዋሪቱ ከዋርካው ስር ካገኘችው መንገደኛ ሁሉ ጋር ትቀመጣለች። በትሩን መሬት ላይ ተክሎ እሱም ይቀመጣል። አንዱ ለረጅም ጊዜ ይናገራል፣ ሌላው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ ሰሚው ተራውን ይናገራል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችም እንዲህ ያደርጋሉ።

«አንቺ ቋንቋውን ታውቂያለሽ» አለኝ ሃምሳ አለቃ። እውነት ነው፤ ከልጆቻቸው ጋር ነው ያደግኩት። «ውረጂና የምትለውን ስሚልኝ።»

ወርጄ ዋርካው ስር ተቀመጥኩ። ኦዱ የሚሉትን ነው የሚያደርጉት፤ ወሬ ማለት ነው። በዚያ አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ጠዋት ከተነሳበት ጀምሮ ያየውን ሁሉ ሳያስቀር ይናገራል። ዝናቡ የት ደረሰ፣ ሣሩ የት ተቃጠለ፣ የማን ላም ታመመች፣ ማን አለፈ፣ ስንት ሆኖ አለፈ። መደበቅ ነውር ነው። በዚያ ደረቅ አገር ከብትም ሰውም የሚተርፈው በዚህ ነው።

ተመልሼ የሰማሁትን ተናገርኩ። ሃምሳ አለቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰይድና ሌሎችም ቆመው ይሰማሉ።

«ኮረብታው ላይ ወደ ሠላሳ ናቸው አለች። አለቃቸው ንዳድ ይዞታል። እህላቸው እያለቀ ነው። የጥይት ሣጥን መጥቶላቸዋል አለች።»

«ሌላስ?»

«የወሎው ሰው ዘብ ላይ ቆሞ ያንኮራፋል አለች።»

«ይሄንን ነገረች?» አለ ሰይድ። «እሰሯት!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሃምሳ አለቃ አልሳቀም።

«የሽፍቶቹንም ወሬ ትነግረናለች እኮ» አልኩት። «የተቃጠለውን ምሽግ መጀመሪያ የሰማነው ከሷ ነው።»

«የነገረችንን ሰምቻለሁ። አሁን የምሰማው ስለኛ የነገረችውን ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዋርካው ወዲህ የውጭ ሰው እንዳይደርስ። ዋርካው ስርም እንዳይቀመጥ።»

ወተቱ ቀረ። ወሬውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ኮረብታው ላይ ተቀምጠን ከአቧራ በቀር የምናየው አልነበረም። አቧራ ደግሞ የከብት ይሁን የሰው ከሩቅ አይለይም። ሃምሳ አለቃ ረዳት ጦር እንዲላክለት ወደ አዳማ መልእክተኛ ሰደደ። ዓይናችን ሁሉ ወደ አዳማው መንገድ ዞረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዋሪቱ ዋርካውን አልፋ ወደ በሩ ስትወጣ ታየች። ዘቡ ሁለት ጊዜ ጮኸባት። አልቆመችም። ወተት አልያዘችም፤ ይህም የባሰ ጥርጣሬ አመጣባት። «ምን ልትሸጥ መጣች ታዲያ?» ተባለ። ያዟት። እጅዋን በጠፍር ገመድ ወደ ኋላ አስረው ግምጃ ቤቱ ውስጥ አስገቧት። ሃምሳ አለቃ ሰላይ መያዙንና ረዳት ጦሩ ሲመጣ እንደሚያስረክባት በሌላ መልእክተኛ ወደ አዳማ አስታወቀ። ያን ጊዜ በሰላይነት ተይዛ የተላከች ሴት ምን እንደሚጠብቃት ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

ውሃ ይዤላት ገባሁ። ጠጣችና እጅዋ እንደታሰረ፣ መሬት ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። በአገሯ ደንብ ኦዱዋን ጀመረች። ጠዋት ከተነሳችበት ጀመረች። ላሟ መውለዷንም አልዘለለችም። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ከአዳማ በኩል ሰዎች አሉ። አርባ ይሆናሉ። ግራሩ ውስጥ አድረዋል፤ እሳት አላነደዱም። ጠብመንጃ አላቸው። አህያ የላቸውም። አንዲትም ሴት አብራቸው የለችም። እኔ አላውቃቸውም። የናንተን ቋንቋ ነው የሚናገሩት። እናንተ ታውቋቸው እንደሆነ ብዬ መጣሁ።»

የዚያን ዘመን ጦር ለማያውቅ ይህን ላስረዳ። ያኔ ጦር ሲንቀሳቀስ ስንቁን የሚይዙት ሴቶች ናቸው። ዱቄቱን፣ ድስቱን፣ ድንኳኑን ተሸክመው፣ አህያ እየነዱ ከኋላ ይከተላሉ። በትእዛዝ የወጣ ጦር ያለ ሴት አይሄድም፤ የሚያበላው የለማ። ሴት የማይከተለው ቀምቶ የሚበላ ብቻ ነው።

ሮጬ ለሃምሳ አለቃ ነገርኩት።

«የታሰረ ሰው ምን የማይለው አለ?» አለኝ። «ረዳታችን ሲመጣ እንድንተኩስበት ነው የምትፈልገው። እርስ በርስ አጫርሳን ልትሄድ።»

አባባሉ ስህተት አይመስልም ነበር። ቃሏ ውሸት ከሆነ ሰላይ ናት፤ እውነት ከሆነም ይህን ሁሉ ያወቀችው ሰላይ ብትሆን ነው። ከዚህ የምትወጣበት ቀዳዳ አልነበረም።

በማግስቱ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከአዳማ በኩል ሰዎች መጡ። ዝናር ታጥቀዋል፣ ኩታ ለብሰዋል፣ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። ከዋርካው ስር ቆሙና መሪያቸው ጮክ ብሎ ተጣራ። «ከአዳማ ነን! ድረሱላቸው ተብለን ነው!»

ምሽጉ በደስታ ተነሳ። እኔ በሰልፉ ላይ ዓይኔን ሁለት ጊዜ አመላለስኩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሴቶቹስ?»

«ከኋላ ይደርሳሉ።»

«አህያም የላቸውም፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ሂጂና እስረኛሽን ጠብቂ!» አለኝ። ሰይድንም ተከተላት ብሎ አብሮኝ ሰደደው። ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ሆነን ወደ ታች እናያለን።

ሃምሳ አለቃ ሞኝ አልነበረም። በሩን ዘግተው እንዲጠብቁ አዘዘና ሁለት ሰዎች ይዞ ወረደ። «ኩታዬን ሳላነሳ በሩ እንዳይከፈት» ብሎ ነበር። ከመሪያቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ድምፁ ወደ ላይ ይሰማል።

«አገርህ የት ነው?»

«መንዝ።»

«የማን ልጅ?»

ሰውየው አባቱን፣ አያቱን፣ የእናቱን ወገን ቆጠረ። ሃምሳ አለቃ ደብሩን ጠየቀው፤ መለሰ። ከደብሩ በላይ ያለውን ወንዝ ጠየቀው፤ እሱንም መለሰ። ሃምሳ አለቃ እየሳቀ ተጠጋና ጉንጩን ሳመው። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለወራት ጭሱን ሳይቀር የጠረጠረ ሰው፣ ያን ጠዋት የአገሩን ስም ሰማና አመነ። ሰውየው በዚያ ነገር አልዋሸም። እውነትም የመንዝ ሰው ነበር፤ ከሌላ ጦር ከድቶ የሸፈተ።

ኩታው ተነሳ። በሩ ተከፈተ።

ግማሾቹ እስኪገቡ ድረስ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ሃምሳ አለቃ በር ላይ ወደቀ። አብረውት የወረዱት ሁለቱም ወደቁ። ሰዎቻችን ጠብመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው እንግዳ ሊቀበሉ ነበር የወጡት፤ ብዙዎቹ አላወረዱትም። የቀሩት ሽቅብ ወደ እኛ ሮጡ። ሰይድ ተኮሰ። እኔም ተኮስኩ። አባቴ እንዳስተማረኝ ትንፋሼን ይዤ ተኮስኩ። ሽፍቶቹ የፈለጉት ጥይቱን ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ግምጃ ቤቱ መጡ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። የተረፍነው ከድንጋዩ ጀርባ ተጋድመን ነበር የምንዋጋው።

በሁለተኛው ጊዜ ሰይድ ጭኑን ተመታ። ደሙ በኃይል ይፈስ ነበር።

«ገመድ!» አለ። «እቱ፣ ገመድ!»

ከዋሪቱ እጅ በቀር ገመድ አልነበረም። በቢላዋ ቆርጬ ወሰድኩት። እጅዋ ሲፈታ ወደ በሩ ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልሮጠችም። ገመዱን ከእጄ ወስዳ ጭኑን አሰረች፣ ስንጥር እንጨት አስገብታ ጠመዘዘችው። ደሙ ቆመ።

«ጥይት አቀብዪኝ» አልኳት በቋንቋዋ።

«ጥይታችሁን አልነካም» አለች። «ጥይታችሁ የኔንም ሰዎች ገድሏል።»

አላስገደድኳትም። የሰይድን ጭን ይዛ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

እኩለ ቀን ላይ ሽፍቶቹ የሞቱብንን ሰዎች ጠብመንጃ ሰብስበው፣ ለእርድ ያቆየናቸውን በሬዎች ነድተው ሄዱ። ጥይቱን አላገኙም። ዋሪቱ ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና በተከፈተው በር ወጣች። ማንም አላስቆማትም። ዋርካው ስር አንድ እረኛ አገኘች፤ እሱም በትሩን ተከለ። ሁለቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ከላይ አየናቸው። ወሬው እንደዚያ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ከእኛ መልእክተኛ ቀድሞ አዳማ ገብቷል።

በማግስቱ ጠዋት ዋሪቱ ለቁስለኞቹ ወተት ይዛ መጣች። ያን ቀን ቅመሺው ያላት አልነበረም። እኛ ሬሳ እየቀበርን ነበር። ከሞቱት ሁለቱ እስላሞች ስለነበሩ፣ ሰይድ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ እየመራን ከሌሎቹ ለየት አድርገን ወደ ቂብላ ቆፈርንላቸው። አፈር እየመለስን ሳለ ከአዳማ በኩል አቧራ ተነሣ። ጠብመንጃ አነሣን። ቆይቶ የአህያ ጩኸት ሰማን፤ ከኋላም ድስትና ዱቄት የተሸከሙ ሴቶች ታዩ። እውነተኛው ረዳት ጦር ነበር።

ደስ ሊለን ሲገባ ሁላችንም ዋሪቱን አየናት። በሃምሳ አለቃ መልእክት ሰላይ መያዙን ሰምተዋል፤ ሊወስዷት ነው የሚመጡት። አስቀድማ ነገረችን ብንላቸው፣ አስቀድማ እንዴት አወቀች ነው የሚሉት። መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ከሁለት ቀን በፊት እኛው ያልነው ነው።

«አንድ ጨምሩ» አለ ሰይድ።

«ምኑን?»

«መቃብር። ከሁለቱ ጎን።»

አራት ሆነን ቆፈርን። ዋሪቱን በቋንቋዋ «ሂጂ፤ ከእንግዲህ ወደዚህ ኮረብታ አትምጪ። ሞተሻል» አልኳት። ትንሽ ቆማ ጉድጓዱን አየች። ከዚያ ቅሏን ይዛ ከኋላ በኩል፣ በውጊያው በፈረሰው አጥር ወረደች። ጉድጓዱ ውስጥ ምንም ሳናስገባ አፈር መለስንበት። ድንጋይ ደረደርንበት።

የረዳቱ ጦር አዛዥ አንድ ሻለቃ ነበር። የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ የተወሰደውን ጠየቀ። ከዚያ «የያዛችኋት ሰላይ የታለች?» አለ።

«ሞታለች፣ ጌታዬ» አለ ሰይድ ከቃሬዛው ላይ። «ተኩሱ መሐል። ያውና ቀብረናታል።»

ሻለቃው ወደ መቃብሩ ሄደ። በዱላው ድንጋዮቹን ነካ ነካ አደረገ። አፈሩ እርጥብ ነበር። የሌሎቹም እንዲሁ ነበር።

«ሰላይን ከወታደሮቼ ጎን ትቀብራላችሁ?»

«እስላም ናት፣ ጌታዬ። ሌላ ወዴት ላድርጋት?»

ሻለቃው ፊታችንን በየተራ አየ። ከምሽጉ የተረፍነው ሁላችንም ቆመን ነበር። ከእኛ መሐል ዋሪቱን የሚጠላ ነበር፤ እሰሯት ብሎ ከልቡ የጮኸም ነበር። አንድ ሰው ዓይኑን ቢያዞር ይበቃ ነበር።

«ቢከፈትስ?» አለ ሻለቃው።

«ይክፈቱት» አለ ሰይድ። «የርስዎ ሥልጣን ነው። ግን መጀመሪያ እኔን ከዚህ አንስተው ይውሰዱኝ። የተቀበረ ሰው ሲወጣ ዓይኔ እያየ አልተኛም።»

ሻለቃው ዱላውን ብብቱ ስር አደረገ። ድንጋይ የተደረደረባቸውን አንድ በአንድ ቆጥሮ «አሥራ ሁለት» አለ። ቁጥሩም በዚያው ጸና።

ዋሪቱን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ከወንዙ ማዶ እንዳለች፣ ኋላም ወደ ታች ወደ መተሐራ በኩል እንደወረደች ሰምቻለሁ። የሰማሁት በነሱው ወግ፣ ከሰው ወደ ሰው ነው። ሰይድ ከነአንካሳነቱ ብዙ ዓመት ኖሮ አዳማ ውስጥ ሞተ። የማደሪያው መሬት እስከ ጣሊያን መግባት ከእናቴ አልተነሳም።

ከእኛ በኋላ በምሽጉ የተመደቡ ዘበኞች ያንን መቃብር የሰላይዋ መቃብር ይሉት ጀመር። ያለፈ ሁሉ ድንጋይ እየወረወረበት ከሁሉም ትልቁ ክምር እሱ ሆኗል። ባለፈው ዓመት የዘመድ ልጆች ወስደውኝ አየሁት። አንዱ ልጅ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሌሎች ሲያደርጉ አይቶ፣ እሱም ድንጋይ አንስቶ ወረወረ።

በዚያ ኮረብታ ላይ ሃምሳ አለቃ ድንቁን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ሞቶብናል። የሽፍቶቹን አልቆጠርንም። ድንጋይ የምትወረውሩበት መቃብር ግን ባዶ ነው።